አሠልጣኙን የጣሉት ልብስ ሰፊ

ጡረታ የወጡት ልብስ ሰፊ ሴትዮ የጉልበታቸው መገጣጠሚያ አልቋል፤ ስኳርና የልብ ድካምም አለባቸው። ሦስቱንም አንድ ላይ ስለያዙ ለፊዚዮቴራፒስቶች ሥልጠና መለማመጃ ሆነው ተጋበዙ።

አሠልጣኙ ለሠልጣኞቹ ሊያሳይ፣ ገና አልጋው ላይ ጋደም ከማለታቸው ጉልበታቸውን ይዞ ማጠፍ ጀመረ።

«ቆይ እስቲ ልጄ፤ ጉልበቴ ብቻውን ታክሲ ይዞ አልመጣም» አሉት። «ስኳሬን ለካህ? ቁርስ መብላቴን ጠየቅህ? ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥረኝስ?»

ሠልጣኞቹ ሳቃቸውን አፈኑ። አሠልጣኙ ፊቱ ደም መስሎ ስኳራቸውን ሲለካ ወርዶ አገኘው። ለካ ሴትዮዋ እንዳይረፍድባቸው ሲጣደፉ መድኃኒቱን ውጠው ምግቡን ዘለውታል። ጭማቂ አጠጥቶ እስኪስተካከል ጠበቀና፣ ከወንበር ብድግ ቁጭ እያስባለ፣ በየመሃሉ ትንፋሻቸውን እያየ አሠራቸው።

«አሁን ሰው ሆንክ» አሉት። «ለዛሬው ግን ወድቀሃል።»

እሱም ሳያቅማማ ለቀጣዩ ዙር ፈታኝ አድርጎ መዘገባቸው።