ለድንኳን የተተወው ግድግዳ

ደባርቅ ላይ አዲሱን ቤት ስንሠራ ዋናው ሐሳባችን የአባቴ ደረት ነበር። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በጭነት መኪና ሊማሊሞን ሲወርድና ሲወጣ፣ አዲ አርቃይ ሲያድር ነው። ጡረታ ሲወጣ መኪናው ቀረ፣ ሳሉ አብሮት ቤት ገባ። ጎንደር ያየው ሐኪም ጭስ፣ ከሰልና ብርድ እንዳይቀርበው አዘዘ። ከሰል ሳያነድድ የደባርቅን ብርድ የቻለ ሰው ግን አላውቅም ነበር።

እኔ ሜካኒካል ምህንድስና ተምሬ ጎንደር አራዳ ውስጥ ባለ ትንሽ ቢሮ እሠራለሁ። ለሆቴሎች ማቀዝቀዣና ማሞቂያ እንተክላለን። ሰው ሁሉ ኤሲ ይለዋል፤ እኛ ሂት ፓምፕ ብለን የተማርነው ነው። አንዱ አካሉ ውጭ ይቆምና ብርዱ ውስጥ እንኳ ያለችውን ሙቀት ለቅሞ በቱቦ ወደ ቤት ይልካል። ሌላው ከአልጋው በላይ ይሰቀልና ሙቀቱን ይተነፍሳል። ጭስ የለው፣ አመድ የለው። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ለአባቴ የማስበውን በአፌ ከምነግረው በንድፍ ባሳየው ይቀለኝ ነበርና ያንን ንድፍ ደጋግሜ አሳመርኩት።

ጣሪያው ለብሶ ልስኑ ሳይጀመር፣ አንድ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ቤቱን ልናይ ሄድን። ግንበኛው ከጣሪያው ሥር የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ እንዲተው ማዘዜ አስቆት ነበር።

«ኢንጂነሯ፣ እኛ ዕድሜ ልካችንን ቀዳዳ ስንደፍን ኖርን፤ አንቺ ተምረሽ መጥተሽ ቅደዱ ትያለሽ። አያ፣ ልጅዎ ልታሞቅዎ ነው ወይስ እንደ ቋንጣ ልታሰጣዎ?»

አንገቴን ደፋሁ። አባቴ መለሰልኝ። ሲነዳ ሁልጊዜ መስኮቱን ጣት በምታስገባ ያህል ከፍቶ እንደነበር፣ አጠገቡ የሚሳፈረው ሁሉ ንፋስ መታን እያለ ሲጨቀጭቀው እንደኖረ ነገረው። «ስንቱ ሰድቦኛል። ልጄ ያለችውን ቅደድ» አለው።

ከዚያ በግቢው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ በጠመኔ ያሰመርኩትን አራት ማዕዘን አየ። የውጭው ማሽን የሚቆምበት ቦታ ነበር። ከግድግዳው ጀርባ የእሱ መኝታ ክፍል ነው፤ ቱቦው በጣም አጭር ስለሚሆን ሙቀቱ መንገድ ላይ አይባክንም። ከንድፌ ሁሉ የምኮራው በዚህ ነበር።

ማሽኑ ምን ያህል ወደ ግቢው እንደሚወጣ ጠየቀኝና በእጄ ለክቼ አሳየሁት። ከግድግዳው እስከ አጥሩ በእግሩ ሄደ። መሀል ላይ ቆም ብሎ ብሎኬቱን የሚመረምር መሰለ፤ ትንፋሹን እየሰበሰበ መሆኑን አውቄ ሌላ ሌላ አየሁ። ሲመለስ፣

«እዚህስ አይሆንም» አለ። «ለሠርግሽ ድንኳን የምንጥለው እዚህ ነው።»

ግንበኛው ሙሽራውም ንድፉ ላይ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ ቀድሞ የለካሁትን መስኮት እንደገና ልለካ ወደ ውስጥ ገባሁ።

አባቴ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የእድሩ ንብረት ጠባቂ ነበር። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ድስቶቹ ሁሉ በእሱ እጅ ናቸው። ድንኳኑ ምን ያህል ቦታ እንደሚፈልግ፣ ገመዱ የት ቢታሰር ዝናብ እንደማያስገባ ያውቃል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ በቀስታ አስረዳሁት። ማሽኑ በጓሮ ከቆመ ቱቦው ማድ ቤቱን ዞሮ ነው የሚመጣው፤ የእሱ ክፍል ቶሎ አይሞቅም። ለሠርግ ደግሞ ቦታ አይጠፋም አልኩት።

«ልጄ፣ ሠርግማ አዳራሽ ገብቷል» አለኝ። «ለቅሶ ነው እንጂ ቤት ድረስ የሚመጣው።»

እሱ ቀጠለ። አንድ ሰው ግቢውን እስከ አጥሩ ድረስ በቤት ሞልቶት ሞተ፤ ድንኳኑን መንገድ ላይ ጣሉት። ክረምት ነበር። ሽማግሌዎች እግራቸውን ጎርፍ ውስጥ ነክረው ተቀመጡ፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ይነሡ ነበር። አባቴ ለሟቹ አፍሮ ቀና ብሎ ሰው ማየት እንዳቃተው ነገረኝ። ቀጥሎም ድምፁን ለውጦ፣

«ደግሞ ይኸ ማሽን እኔን ሲያሞቅ ወደ ውጭ ምንድን ነው የሚተነፍሰው?» አለኝ።

«ቀዝቃዛ አየር።»

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «እኔን አሙቆ ለቀስተኛውን ሊያበርድ!»

የተጠየቅሁትን በትክክል መመለስ ልማዴ ነው። «ያኔ እኮ ማሽኑ አይሠራም» አልኩት። «የሚሞቀው ሰው...»

ቀሪው አፌ ውስጥ ቀረ። አባቴ ግን አልከፋውም። እንዲያውም ከባድ ዕቃ ያገዝኩት ያህል ፊቱ ፈታ አለ። «ምነው ታለቅሻለሽ? አንቺ እኮ ነገር ቶሎ ይገባሻል» አለኝና ብሎኬት ላይ ተቀመጠ። ጠመኔውን አልነካውም፤ እኔ እንዳጠፋው ተወልኝ። የዚያን ቀን ሳላጠፋው ወደ ጎንደር ተመለስኩ።

ቢሮ ሆኜ ብዙ ሞከርኩ። ማሽኑን ከፍ አድርጌ ልስቀለው አሰብኩ፤ የድንኳኑን ጣሪያ ይነካል። የቤቱ ጣሪያ ላይ ላወጣው አሰብኩ፤ የደባርቅ ንፋስ አይምረውም። የእሱን መኝታ ወደ ጓሮው ላዛውርለት በስልክ ጠየቅሁት፤ መስኮቱ መንገዱን ካላሳየው እንደማይተኛ ነገረኝ። ወደ ሊማሊሞ የሚወርዱትን መኪናዎች በድምፃቸው ይለያቸው ነበር። ችግሩ ግን የግድግዳው አልነበረም። ማሽኑን ካዛወርኩት አባቴ እንደሚሞት በገዛ እጄ የምፈርም መሰለኝ። ካላዛወርኩት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ቤት የጠየቀኝን አንድ ነገር ልነፍገው ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ ጠመኔውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። ግንበኛውም አባቴ አጠገቡ ቆሞ እያሳየው፣ በዚያው ቦታ የገመድ ማሰሪያ የብረት ቀለበት ቀበረ። ምን እንደሆነ ገብቶት ነበር መሰለኝ፣ ያን ቀን አልቀለደም።

ቱቦውን ሙቀት እንዳያባክን ደራርቤ ሸፈንኩት። ቢሆንም እንደፈራሁት ክፍሉ ለመሞቅ ይዘገይ ነበር። እናቴ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀድማ ታበራለታለች። ደውዬ ክፍሉ እንዴት ነው ስለው መልሱ አንድ ነበር፤ «ሸጋ ነው።» እናቴ ስልኩን ትቀበለውና ጋቢ ደርቦ እንደተኛ፣ መብራት በሄደ ጊዜ ደግሞ ብርድ ልብስ እንደጨመረችለት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትነግረኛለች። እሱ ከኋላ ሲስል ይሰማኛል። ያ ባዶ ግድግዳ ያኔ ይታየኛል፤ ማሽኑን እዚያ ባቆመው ኖሮ እላለሁ።

አንድ ክረምት አለፈለት። በሁለተኛው፣ ነሐሴ ላይ፣ አልሆነለትም።

ከጎንደር ስደርስ ድንኳኑ ተጥሏል። የት እንጣለው ብሎ የጠየቀ እንዳልነበረ፣ እድርተኞቹ ገመዱን በቀጥታ ወደ ቀለበቱ እንደወሰዱት እናቴ ነገረችኝ። ከቀብር ስንመለስ ዝናቡ በርትቶ ነበር። ሰዉ እየጎነበሰ ገባ፤ እየተጠጋጋ ተቀመጠ። ግንበኛው ከቀለበቱ ሥር ቦታ ይዞ ነበር፤ ሳልፍ ከወንበሩ ተነሣልኝ። ዞሬ ወደ መንገዱ አየሁ። ውሃው ብቻውን ይወርዳል፤ አንድም ሰው እዚያ አልተቀመጠም።

ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሳለ ዝናቡ ጋብ ሲል ከጓሮ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ማሽኑ ነው። በግርግሩ ማንም አላጠፋውም።

ተነሥቼ ወደ አባቴ ክፍል ገባሁ። አልጋው ተነሥቷል። ክፍሉ ሞቋል፤ ስሠራው ያሰብኩትን ያህል፣ እስከ ጥጉ ድረስ ሞቋል። መስኮቱ ጣት በምታስገባ ያህል ተከፍቷል። የማሽኑን ሪሞት አንሥቼ ቆምኩ። ያኔ አይሠራም ብዬው ነበር።

ማሽኑን ሳላጠፋ ሪሞቱን ቦታው መለስኩት። ሙቀቱ እንዳይወጣ በሩን ዘግቼ ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ።