አባቴ ከጌቶች ማዕድ የቀረበ ዕለት

ባለፈው ሳምንት መካነ ሰላም ላይ ስብሰባ ተጠርቼ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣ አንድ ጎረምሳ እጄን ይዞ "እማማ፣ ከእንግዲህ ከኋላ መቀመጥ የለም!" ብሎ ፊት አስቀመጠኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ የግራዝማች ዘለቀ ልጅ ታደሰ ትዝ አለኝ። እኛ የግራዝማች ጭሰኞች ነበርን።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። ወሩ ጥር ነው፤ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ታደሰ ከአዲስ አበባ፣ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጣና ግራዝማች ደገሱ። እንደ አገራችን ደንብ ሁለት በሬ ተጣለ፤ አንዱ ለክርስቲያኑ፣ አንዱ ለእኛ ለእስላሞቹ። የእኛ ወጥ ለብቻው ተሠርቶ ከዳሱ ጫፍ ይቀርባል፤ የማያሰክረውን ቀሪቦ የምቀዳውም እኔ ነበርኩ። ለመጪው ክረምት ማን እንደሚያርስ፣ ማን እንደሚነቀል ግራዝማች የሚወስኑት በዚያ ሰሞን ነውና የአባቴ ምኞት ሳይታይ በልቶ ሳይታይ መውጣት ነበር።

ታደሰ ግን አየው።

"ጋሽ ሰይድ፣ ይነሡ! ከዛሬ ጀምሮ ጌታና ሎሌ የለም" አለው።

የጌታ ልጅ አንቱ ሲለው አባቴ ደነገጠ። "ኧረ የኔ ጌታ፣ እዚሁ ይበቃኛል፤ አልሃምዱሊላሂ።"

"ጌታ አይበሉኝ አልኩ እኮ!" ብሎ ተቆጣ።

እንቢ ቢል ልጁን፣ እሺ ቢል አባትየውን ሊያስቀይም ነው። ጌታ የለም የሚለውም ትእዛዝ ከጌታ ቤት የመጣ ነውና ታዘዘ፤ ሄዶ ከግራዝማች ጎን ቁጭ አለ።

እዚያ ማዕድ ላይ የነበረው የክርስቲያን ሥጋ ነው። ታደሰ፣ ያ ሁሉ ትምህርት እያለው፣ ይህን ዘንግቶታል። ስለ ጭሰኛው መከራ ቆሞ ሲናገር ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ አባቴ ደግሞ እጁን ሰብስቦ ምራቁን ይውጣል። "ይብሉ እንጂ፣ ምን ያፍራሉ!" ይለዋል በመሀል። ሳቄም እንባዬም መጣ።

በመጨረሻ ግራዝማች ጠሩኝ። "አንቺ ልጅ፣ ለአባትሽ ከእናንተ ወጥ አምጪለት" ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ፦ "አክብረህ በረሃብ ልትገድለው ነው?"

ወደ ቤት ስንወርድ አባቴን የትኛው ደግ እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ወላሂ ልጄ፣ ግራ ገባኝ። ልጁ ሲያከብረኝ ተጨነቅሁ፤ አባቱ ሲያዝኑልኝ አፈርኩ። ብቻ አላህ መሬቱን አያስነጥቀን።"

በሰኔ መሬታችን ለሌላ ጭሰኛ ተሰጠ። በዚያ መቀመጫ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ የነገረን የለም። ከጥቂት ዓመት በኋላ መሬት ላራሹ ታወጀና ተመልሰን ገባንበት። ታደሰ ቀጥሎ በመጣው ግርግር አዲስ አበባ ላይ ሞተ አሉ።

ዛሬ ያንን መሬት ልጄ ያርሰዋል። ዱዓ ላይ ታደሰን አነሣዋለሁ፤ እሱና መሰሎቹ ባይጮኹ እስከ ዛሬ የማን ጭሰኛ እንሆን ነበር? ግራዝማችን ግን ልረግማቸው እልና አፌ እንቢ ይለኛል። መሬታችንን ነጥቀውናል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የአባቴን ረሃብ ያዩትም እሳቸው ነበሩ።