የደልበርት ጉሮሮና የቨርና ጥርጣሬ

ደልበርት አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ነው። አርባ ዓመት ባሕር ላይ ሎብስተር፣ ያን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ፣ ሲያጠምድ የኖረ፣ ሬዲዮ እንኳ ቀስ አርጎ የሚከፍት ዝምተኛ ሰው። እኔ ደግሞ ዝምተኛ ወንድ አላምንም።

ባለፈው መስከረም ጢሙን ሲላጭ አንገቱ ላይ እብጠት አገኘ። ከተማ ሆስፒታል ከቶንሲሉ ቆርጠው መረመሩት፤ ካንሰር። ሚስቱ ቨርና አብራው ነበረች፣ ቃል በቃል ነገረችኝ። ዶክተሯ፣ "ምርመራው ላይ ምልክቱ ታይቷል፣ ከቫይረስ የመጣ ነው። በሲጋራ ከሚመጣው ይሻላል፣ ለጨረር ቶሎ እጅ ይሰጣል። የጨረሩን ሠላሳ አምስት ቀን ሳይቀሩ ከመጡ የመዳን ዕድልዎ ጥሩ ነው" አለችው።

ሌላዋ ብትሆን እልል ትል ነበር። ቨርና ግን፣ "ቫይረሱ ከየት መጣ?"

"ከሰው ነው፣ በግንኙነት ይተላለፋል። ምናልባት ከወጣትነት ጀምሮ ተቀምጦ ይሆናል። ከማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።"

አይቻልም? እኛ መንደር የማይታወቅ ነገር አለ እንዴ!

ሁለት ሳምንት አኩርፋ ሆስፒታል አመላለሰችው። ከዚያ አንድ የድሮ ፎቶ ይዛ እኔ ጋ መጣች።

"እትዬ፣ ጊኔት ማናት?"

አየሁት። የደልበርት የመጀመሪያ ጀልባ ነው፤ ጎኑ ላይ "ጊኔት" ተጽፏል። እኛ ዘንድ ወንድ ጀልባውን በሚስቱ ስም ነው የሚጠራው።

"አንቺ፣ ከሰው ላይ የገዛው እኮ ነው! የጀልባ ስም መለወጥ መዓት እንደሚያመጣ ጠፍቶሽ ነው?"

"ስንት ጀልባ ሞልቶ ለምን እሷን መረጠ?"

አልዋሽም፣ እኔም ትንሽ ጠረጠርኩ።

ደልበርት ቢምል ቢገዘት፣ "ጊኔትህ ትውሰድህ!" ብላ የመኪናውን ቁልፍ ጡቷ ሥር ወሸቀች። ሰውየው ጉሮሮው በጨረሩ ተቃጥሎ፣ አቅም አጥቶ፣ መንዳት አይችልም። ሁለት ቀን ከሕክምናው ቀረ። በሦስተኛው ጠዋት ሄድኩ።

"ቨርና፣ ይሄ ሰው ቢሞት ማንን ልትነዘንዢ ነው?"

"ቫይረሱን የሰጠችው ትቅበረው!"

"የሰጠሽው አንቺ ብትሆኚስ? ከሱ በፊት፣ ዓሣ ፋብሪካ ስትሠሪ የነበሩሽን ወንዶች አንድ በአንድ ልቁጠርልሽ?"

ፊቷ እንደ ተቀቀለ ሎብስተር ቀላ።

"ደልበርት! ኮትህን ልበስ፣ ረፍዷል!"

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልቀረም፤ ያመለጡትንም ሁለት ቀናት ጨምረው አስጨረሱት። እብጠቱ ሟሟ። ዶክተሯ፣ "ክትትሉን እንዳያቋርጡ" ብላ ሸኘችው።

እኔ እንኳ ከቨርና ወንዶች የማውቀው አንዱን ብቻ ነበር፣ የፋብሪካውን የበረዶ ክፍል አለቃ። ለአንድ ሰው ግን ፊት እንደዚያ አይቀላም።