የጋሽ ታጁዲን ሯጮች

አሰበ ተፈሪ ውስጥ ዛሬም «ታጁዲን ልጆቹን በጥሩምባ ጠርቶ ለወታደር አስረከበ» የሚል ሰው አለ። በቅርቡ ለቅሶ ቤት አንዱ ይህንኑ ሲደግም ሰምቼ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ለቅሶ ቤት ሰው አይሰደብም። እኔ ግን በዚያ ቀን ትልቁን ከበሮ አንግቼ እዚያው ቆሜ ነበርና የሆነውን አውቃለሁ።

ጋሽ ታጁዲን የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው ሐረር በወታደር ሙዚቃ ክፍል ጥሩምባ ሲነፉ ኖረው፣ ጉልበታቸውን ታመው ሲሰናበቱ ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱ። በ1968 ዓ.ም. ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አቧራ የጠጡ ሁለት ጥሩምባዎችና ሦስት ከበሮዎች አገኙ። ማንም ሳያዛቸው ከሰዓት በኋላ ተማሪ እየሰበሰቡ ማስተማር ጀመሩ፤ በአማርኛ ያልገባውን በኦሮምኛ ያስረዱታል። ለእኔ ከበሮውን ሲሰጡኝ አንድ መምህር «ሴት ልጅ ከበሮ ተሸክማ አደባባይ ልትወጣ ነው?» ቢሏቸው፣ «ዓይናዲስ ምት አትስትም፤ ወንዶቹ ግን ይስታሉ» ብለው ዘጉት።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ የስፖርት ቀን ነበረን። ተማሪው ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተብሎ ይከፈላል። ዝላይ አለ፣ ዱላ ቅብብል አለ፣ ገመድ ጉተታ አለ። መጨረሻው ግን የዳገት ሩጫ ነው፤ ከሚኤሶ መንገድ ተነሥቶ ሽቅብ እስከ ሜዳችን። መሪው ሯጭ መታጠፊያው ላይ ብቅ ሲል ጋሽ ታጁዲን ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፣ እኛም እንከተላለን። ለዚያች ሰዓት ጫት ተራው እንኳ ግማሹ ወደኛ ይፈስ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. አንድ የአውራጃው ሹም ወደ ትምህርት ቤቱ በር መጣ። ስሙን አልጠራም። ጋሽ ታጁዲን የአባቱ እኩያ ናቸው፤ እሱ ግን «አንተ» ይላቸዋል።

«ዘንድሮ የገጠሩና የቆላው ወጣትም ይሮጣል» አላቸው። «አንተን ያምኑሃል፤ ሂድና ጥራልን። ዳቦ አለ፣ ለአሸናፊው ቱታ አለ።»

«ትምህርት ቤት ያልገባውንም ነው?»

«በተለይ እሱን።»

ይህ ጋሽ ታጁዲን አሥራ ሁለት ዓመት ለምነው የተከለከሉት ነገር ነው። ደስታቸው ልክ አልነበረውም። በደሳ ሄዱ፣ ቦኬ ሄዱ፣ ሚኤሶም ወረዱ። ሚኤሶ ላይ በክሪ የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ባቡር ጣቢያው ላይ ማሽላ ይጭናል፣ ሲሮጥ ደግሞ የሚደርስበት የለም። እናቱ ፋጤ ነገሩ አላማራቸውም።

«ሰሞኑን ወጣት እያፈሱ ነው ይባላል፣ ታጁዲን።»

«የትምህርት ቤት ግቢ ነው፤ በሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። በክሪ እኔ ዘንድ አማና ነው፣ አደራ» አሏቸው።

በስፖርቱ ቀን በክሪ ሁሉንም ጥሎ መታጠፊያው ላይ ብቅ አለ። በበረባሶ ነበር የሚሮጠው። ጥሩምባው ጮኸ፣ እኔም ከበሮዬን መታሁ። ሌሎቹም ተከታትለው እየገቡ ሣሩ ላይ ተዘረሩ። በሩ የተዘጋው ያኔ ነው። ሦስት የወታደር መኪኖች በጓሮ በኩል ገብተው ኖሯል፤ ወታደሮቹ ሜዳውን ከበቡት። ለማምለጥ አቅም የቀረው ልጅ አልነበረም። እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው ይኸው ነው፤ መጀመሪያ አስሮጧቸው፣ ሲደክሙ ሰብስበው መኪና ላይ ጫኗቸው።

ከቢጫው ቡድን አንዱ የሹሙ የእኅት ልጅ ነበር። በስሙ ተጠርቶ ከመኪናው ወረደ። ሌላ የወረደ የለም።

ጋሽ ታጁዲን ሹሙ ፊት ቆሙ። «እነዚህ እንግዶቼ ናቸው። የጠራኋቸው እኔ ነኝ።»

«ጥሩ ሠርተሃል። አብዮቱ ያመሰግንሃል» አላቸው።

በታመመ ጉልበታቸው እየተጎተቱ መኪናው ላይ ወጡ። «እንግዲያው እኔንም ውሰዱኝ» አሉ። ወታደሮቹ እየሳቁ አወረዷቸው። ርዕሰ መምህሩ መሬት መሬት እያየ «ታጁዲን፣ ደወሉን ደውልና ተማሪው ወደ ቤቱ ይሂድ» አለ። ለሯጮቹ የተባለውን ዳቦ ወታደሮቹ በሉት።

አባቴ ዓባይ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በዚያው ከሰዓት ጋሽ ታጁዲንን ወደ ሚኤሶ ሲወስዳቸው እኔም ተሳፈርኩ። «ሰው ቢልኩ አይሻልም?» ቢላቸው፣ «አማናውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ» አሉት።

ፋጤ ሁሉንም ሰምተው አልጮኹም። «ሳይበላ ነው የወሰዱት?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

«አዎ፣ ሳይበላ።»

በሩን ዘጉባቸው።

መስከረም ላይ የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ባንድ ለአብዮት በዓል ሰልፍ እንዲወጣ ታዘዘ። ጋሽ ታጁዲን «አልነፋም» አሉ። ርዕሰ መምህሩ «አሞኛል በልና ይለፍህ» ቢላቸው፣ «አላመመኝም፤ አልነፋም» አሉ። አንድ ወር ታሰሩ፣ ከሥራም ተባረሩ። ከዚያ በኋላ ጫት ተራ ቁጭ ብለው ጫት በቅጠል እየጠቀለሉ ኖሩ። ሰኞ ሰኞ ግን ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት በር ላይ አይጠፉም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «የወሰዳችኋቸውን ልጆች ስም በጽሑፍ ስጡኝ።» «እንዲህ ያለ ዝርዝር የለም» ይሏቸዋል። በግ የሚገዛ ሰው እንኳ የገዛውን ያውቃል።

ስለዚህ ራሳቸው ጻፉት። ደብተር ይዘው በደሳ፣ ቦኬና ሚኤሶ ቤት ለቤት ዞሩ። ቦኬ ላይ አንድ አባት ውሻ ለቀቀባቸው፤ በሳምንቱ ተመልሰው ሄዱ። ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። አርባ አንድ ስም፣ ከአባት ስምና ከመንደር ጋር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደቀ። ከአርባ አንዱ አሥራ አንዱ ተመለሱ፤ በክሪ አልነበረበትም። ያ ሹም ሌላ ከተማ ሱቅ ከፍቷል ሲባል ሰማን። የጠየቀው የለም።

በተከታዩ ዓመት ግንቦት የስፖርት ቀን እንደገና ተጀመረ። ጋሽ ታጁዲን ስሞቹን ላንብብ ብለው አዲሱን ርዕሰ መምህር ጠየቁ። «ያለፈው አለፈ፤ የልጆቹን ደስታ አናበላሽ» አላቸው። እሳቸው ግን ሯጮቹ ወደ መነሻው ከመውረዳቸው በፊት ሜዳው ላይ ሲሰለፉ ደብተራቸውን ይዘው ፊታቸው ቆሙ። የከለከላቸው የለም።

እንደ መምህር ስም ጠሩ። ከተመለሱት አንዱ ከሕዝቡ መካከል «አለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ተራቸው ሲደርስ «አለሁ» ይሉ ጀመር። መልስ ያልተሰጠበት ስም ሲያጋጥም ጋሽ ታጁዲን ትንሽ ጠብቀው ያልፋሉ። የበክሪን ስም ሲጠሩም ጠበቁ። ፋጤ ከሚኤሶ መጥተው አጥሩ ሥር ቆመው ኖሯል።

«የለም» አሉ ጮክ ብለው። «ወስደውት የለም።»

ጋሽ ታጁዲን አንገታቸውን ነቀነቁና ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።