አርብ ያልሆነው ስንብት

ስንብት የሚለውን ቃል ለመምህር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢያስተምረው ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

መምህር የምንለው አስተርጓሚያችንን ነው። እኔ ትየርኪዲ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ተኝተው በሚታከሙበት ክፍል ነርስ ነበርኩ። ክፍል ይባል እንጂ በእንጨት ላይ የፕላስቲክ ሸራ የተወጠረበት ረጅም ቤት ነው፤ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ውስጡ መቆም ጀግንነት ይጠይቃል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከጋምቤላ ከተማ በላንድክሩዘር እንነሳለን፣ ኢታንግ ጎራ ብለን እሱን እንጭናለን፣ ከዚያ ወደ ጣቢያው እንቀጥላለን። ድሮ ኢታንግ ውስጥ የታችኛው ክፍል ልጆችን በኑዌር ቋንቋ ያስተምር ስለነበር ስሙ መምህር ሆኖ ቀረ። እሱ ደግሞ እኔን ሲስተር ይለኛል።

አማርኛው እንደ ብዙ የአካባቢው ሰው ሴትና ወንድ አይለይም። «ሲስተር፣ አንተ ለምን ቁርስ አትበላም? ትወድቃለህ» ይለኛል። መጀመሪያ አካባቢ አርምለት ነበር፤ ኋላ ሰለቸኝና ተውኩት፤ ከዚያም ወደድኩት። የእኔ ኑዌርኛ ከሰላምታ አያልፍም፤ ስለዚህ ስድስት ዓመት ሙሉ የተናገርኩት በእሱ አፍ ነው። አንዲት እናት ተስፋ ቆርጣ ልጇን ይዛ ልትወጣ ስትነሳ እኔ ሦስት ቃል እናገራለሁ፣ እሱ አምስት ደቂቃ ያወራል፣ እናትየው ትቀመጣለች። ምን እንደጨመረበት ጠይቄው አላውቅም።

ሥራ በጀመርን ሰሞን «ልጅ ድኖ ቤት ሲሄድ በአማርኛ ምን ይባላል?» አለኝ።

«ተሰናበተ ይባላል። ነገሩ ስንብት ነው» አልኩት።

ቃሉ ጣፈጠው። ከዚያ ወዲያ ክብደቱ የተስተካከለ ልጅ ሲኖር ለአርብ እናቆየው ጀመር። አርብ እናትየው ልጇን አቅፋ በሩ ላይ ትቆማለች፤ መምህር መሃል ላይ ሆኖ «ስንብት!» ብሎ ይጮኻል፤ አንድም የአማርኛ ቃል የማያውቁት እናቶች «ስንብት! ስንብት!» እያሉ ያጨበጭባሉ፣ እልል ይላሉ። ጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ጥላ ትጨፍራለች። ወተት የምታዘጋጀው ልጅ ከነሽርጧ ትወጣለች። በሳምንት ውስጥ ሁላችንም የምንወደው ሰዓት ያ ነበር። ቃሉ ሌላ ትርጉም እንዳለው ለመንገር አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከቢሮ ኢሜይል ደረሰኝ። ገንዘቡን የሚሰጡት አቁመዋል፤ ፕሮግራሙ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ይዘጋል፤ ሕፃናቱ ወደ ሌላ ድርጅት ክሊኒክ ይዛወራሉ፤ ሠራተኛው በሙሉ ይሰናበታል። ደብዳቤው ሐሙስ ይደርሳል፣ እስከዚያ ለማንም እንዳይነገር ይላል። አንብቤ ሳልጨርስ አለቃዬ ደወለ። «ወሬው ቀድሞ ከወጣ ጣቢያው ውስጥ ረብሻ ሊነሳ ይችላል። አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከተማ ቢሮ አንድ ቦታ ሊተርፍ ይችላል። ርክክቡ በሰላም ካለቀ ስምሽን አነሳለሁ» አለ። ያ ቦታ ኋላ እንኳን ለእኔ ለማንም አልሆነም።

ያን ቀን ግን አመንኩት። ልጄን የማሳድገው ብቻዬን ነው። ሥራ አጥቼ ሻንጣዬን ይዤ ጎሬ አባቴ ቤት ስገባ፣ አባቴ ምንም ሳይለኝ ዝም ብሎ ሲያየኝ ታየኝ። እኔ ደግሞ ድሮም ፈሪ ነኝ፤ እባብ እፈራለሁ፣ አለቃ እፈራለሁ፣ ባሮ ድልድይን በእግሬ ስሻገር ዛሬም ከመሃል አልወጣም። ስልኬን ኪሴ ከተትኩና ጓንት አጥልቄ ወደ ሕፃናቱ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ጠዋት መምህር ኢታንግ ላይ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ደስ ብሎታል።

«ሲስተር፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ተመለስ አለኝ» አለ። «አንድ አስተማሪ ለቀቀ፣ ቦታ አለ። እስከ ሐሙስ መልስ ስጠኝ አለ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«እኔማ አልሄድም። እናቶቹን ማን ያናግራል? አንተ ብቻህን ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቁን ተወ። «ሚስቴ ግን ሂድ ይላል። ትምህርት ቤት መንግሥት ነው፣ አይዘጋም ይላል። አንተ ምን ትላለህ?»

ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጭኔን የሚያቃጥለኝ መሰለኝ። ሚስትህ ልክ ናት፣ ዛሬውኑ እሺ በለው፣ ማለት ነበር ያለብኝ። ከዚያ በላይ እንኳን ማለት አያስፈልግም ነበር፤ ምክንያቱን አይጠይቀኝም፣ ያምነኛል። ከፊት ሾፌሩ አለ፣ ይሰማል፣ ቢሮ ይነግራል ብዬ አሰብኩ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍቶ ኳስ እያዳመጠ ነበር።

«እንደሚሻልህ አድርግ» አልኩት።

ረቡዕ ልነግረው ወስኜ ሄድኩ። እውነቴን ነው፣ ወስኜ ነበር። ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ጠራሁትና «መምህር» አልኩት።

«አቤት ሲስተር።»

ፊት ለፊቴ ቆሞ ጠበቀኝ። በዚያ ቅጽበት የታየኝ እሱ አልነበረም። ወሬው ከእናት ወደ እናት ሲዞር፣ ሰዉ በሩ ላይ ሲሰበሰብ፣ መኪናው መውጫ ሲያጣ፣ አለቃዬ «ማን ነገራቸው?» ሲል ታየኝ።

«ውኃው ዛሬ ተሞልቷል?» አልኩት።

«ሙሉ ነው» አለና የታንከሩን ሆድ በእጁ መታ መታ አደረገልኝ። ተመልሶ ገባ። እኔ እዚያው ቆሜ ራሴን ሰደብኩ፤ በአማርኛ ያለ ስድብ ሁሉ የሚበቃኝ አልመሰለኝም። ሆኖም ተከትዬ አልገባሁም፤ ነገም ቀን ነው አልኩ፣ እስከ ሐሙስ አይደል የተባለው።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ሁለተኛ መኪና መጣ። ከሰው ኃይል ክፍል የተላከው ልጅ ፖስታዎቹን በካርቶን ይዞ ወረደና ከኒሙ ዛፍ ሥር ሰበሰበን። ፊርማ እያስፈረመ አደለን፣ ቀና ብሎ ማንንም አላየም። ጽዳት ሠራተኛዋ የመጀመሪያውን መስመር አንብባ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ወተት የምታዘጋጀው ልጅ ደብዳቤውን መልሳ ፖስታው ውስጥ ከተተችው።

መምህር መነጽሩን አወጣና በጣቱ እየተከተለ ርዕሱን አነበበ፤ «ጉዳዩ፦ የሥራ ስንብትን ይመለከታል» ይላል። ፊቱ በራ።

«ሲስተር፣ ስንብት ይላል!» አለኝ። «ዛሬ አርብ አይደለም እኮ። ማን ዳነ?»

እሱም መልስ ሲያጣ የራሱን መልስ ያዘ፤ ወደ በሩ ዞሮ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «ስንብት!» ብሎ ጮኸ። ውስጥ ካሉት እናቶች ጭብጨባው ጀመረ። «ስንብት! ስንብት!» አንዷ እልልታዋን ለቀቀችው። ልጇ ገና በአፍንጫው ቱቦ የሚመገብላት አንዲት እናት የማን ልጅ እንደዳነ ለማየት አንገቷን በሩ ላይ አሰገገች።

እጁን ያዝኩት። «መምህር፣ ተው። አስቁማቸው።»

«ለምን?»

«ቃሉ ለሠራተኛ ሲሆን ሌላ ነው። ከሥራ ወጣችሁ ማለት ነው። ያንተ ነው ስንብቱ። የእኔም፣ የሁላችንም። ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለም።»

ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀምሮ በጣቱ ያዘው። ውስጥ ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። እኔ በጥድፊያ መናገር ጀመርኩ፤ ዛሬ ገና ሐሙስ ነው፣ ዳይሬክተሩ እስከ ሐሙስ አይደል ያለህ፣ አሁኑኑ ሂድ፣ ለሾፌሩ እነግረዋለሁ፣ አድርሶህ ይመለሳል፣ አልኩት። ክንዱን ይዤ ወደ መኪናው እጎትተው ነበር።

«ትናንት ነገርኩት» አለኝ። «አልመጣም አልኩት። ዛሬ ጠዋት ሌላ ሰው ክፍል ገባ፤ ስመጣ አየሁት።»

ክንዱን ለቀቅሁት።

«አንተ መቼ ሰማህ?» አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ቢሮውን ፈርቼ ዝም እንዳልኩት ሁሉ እሱንም ፈርቼ መዋሸት እችል ነበር፤ ዓይኑን ሳየው ግን አቃተኝ። «ሰኞ» አልኩት።

«ማክሰኞ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁ።»

«ማንን? እኔን?» አለኝ። በእውነት ግራ ገብቶት ነው የጠየቀኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም።

እናቶቹ ልጆቻቸውን አቅፈው እየወጡ በሩ ላይ ተሰበሰቡ። የሆነ ነገር ጠየቁት። መምህር መነጽሩን ኪሱ ከተተና በኑዌርኛ ይነግራቸው ጀመር። ረጅም ነበር። መሃል ላይ «ሲስተር» ሲል ሰማሁ፣ ሁሉም ዞረው አዩኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ሲስተር» አለ። ነገራቸው፣ ከሰኞ ጀምሮ እንደማውቅ ነገራቸው፣ አልኩ በሆዴ፤ በእሱ ፈንታ እኔ ብሆን እነግራቸው ነበር። ሾፌሩ የት እንዳለ በዓይኔ ፈለግሁ፤ ከቆምኩበት እስከ መኪናው ስንት እርምጃ እንደሆነ ገመትኩ። ስድስት ዓመት ልጆቻቸውን ያከምኩላቸው ሴቶች ፊት ቆሜ የማስበው ይህንን ነበር።

የባለ ቱቦው ልጅ እናት ወደ እኔ መጣች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። እጄን በሁለት እጇ ይዛ ጨበጠችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሌሎቹም አንድ በአንድ መጥተው ጨበጡኝ። ለምን እንደሆነ ስላልገባኝ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ከፍርሃቴ አልወጣሁም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብቻ ነበር። የሕፃናቱን ካርድ አደራጀን፣ ለሌላው ክሊኒክ አስረከብን፣ የወተት ኩባያዎቹን አጥበን ደረደርን። ጽዳት ሠራተኛዋ ባዶውን ክፍል እስከ ጥግ ድረስ ወለወለችው፤ «ቆሻሻ ትታ ሄደች እንዳይሉኝ» አለችን። ተቃቀፍን፣ ስልክ ተለዋወጥን፣ እንደዋወላለን ተባባልን። ስናወራ ሁላችንም አልቅሰናል። መምህርም ሁሉንም ተሰናበተ፣ እኔን ግን መኪና ውስጥ እንገናኛለን ብሎ ይሁን አላውቅም፣ አልጨበጠኝም።

በመንገድ ላይ እንደ ወትሮው አጠገቤ ተቀመጠ። ኢታንግ ደርሰን ሊወርድ በሩን ሲከፍት መቻል አቃተኝ።

«መምህር፣ እናቶቹን ስለ እኔ ምን አልካቸው?»

«ሲስተርም እንደ እኛ ዛሬ ሰማ፣ ሲስተርም ሥራ የለውም አልኳቸው» አለኝ።

ወረደ። ደብዳቤውን ለሁለት አጥፎ በእጁ ይዞ ወደ ቤቱ አቀና። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መኪናችንን ስታይ እንደ ሁልጊዜው ሰላም ልትለኝ እጇን አነሳች። ጫማዬን የማስር መስዬ አጎነበስኩ፣ መኪናው እስኪነሳም ቀና አላልኩም።