ከእርጥብ ሳር የሸሸው ሾፌር

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! መጋቢያችንን አምስት ደቂቃ ለምኜ ነው እዚህ የቆምኩት። አምስት ደቂቃ እንደማይበቃኝ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ቢሆንም ጌታ ያደረገልኝን ሆዴ ውስጥ ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም። ክብር ለስሙ ይሁን!

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ እዚሁ አርባ ምንጭ የአምቡላንስ ሾፌር ነኝ። ጌታን ከማወቄ በፊት ግን ሌላ ሰው ነበርኩ። ጫቴን ጉንጬ ውስጥ ወጥሬ፣ አማኝ ሲያልፍ ሳይ "ሃሌሉያ መጣ!" እያልኩ ሰው የማስቅ። ያለችኝ አንዲት ታናሽ እህት ናት፤ ዘነበች ትባላለች። ባል አግብታ ደጋ ወጣች፣ ወደ ገረሴ። እዚያ ጌታን ተቀበለች። ይህን ስሰማ "ከእንግዲህ እህት የለኝም! ደጇን ብረግጥ እግሬ ይሰበር!" ብዬ ማልኩ። ምን በደለችኝ? ምንም! ሁለት ዓመት ሙሉ ስትደውል ስልኩን እዘጋባት ነበር።

የአገራችንን ወግ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ፊትህ ከቆመ ጠቡ አለቀ፤ የጋሞ ልጅ ሆኖ ያንን ሳር አልፎ የሚሄድ የለም። ጋሽ ሻንካ የሚባሉ የእህቴ ጎረቤት፣ ትልቅ ሽማግሌ፣ ሊያስታርቁን ሦስት ጊዜ ከደጋ ወርደው ቤቴ ድረስ መጡ። እኔስ ምን አደረግሁ? ሳሩን በዓይኔ ካላየሁት አይይዘኝም ብዬ በጓሮ አጥር ዘልዬ ጠፋሁ! ሦስቴም! አንዴማ ሱሪዬ አጥሩ ላይ ቀርቶ ሊያዋርደኝ ነበር። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔም ዛሬ እስቃለሁ።

በዚያን ጊዜ ሲስተር ሂልዳ የምትባል ፈረንጅ ነርስ በበጎ ፈቃድ ከአገሯ መጥታ ከእኔ ጋር አምቡላንስ ላይ ትሠራ ነበር። አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ "ቶሎ" የምትለዋን ቃል ግን ከእኛ አስበልጣ ታውቃለች። አንድ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አጣን። መጀመሪያ ጫሞ ሐይቅ ዳር ተጠራን፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ የአምባዛ ዓሣ እሾህ መዳፉን ወግቶት እጁ እንደ ዳቦ አብጧል። "ዓሣዬን ትቼ የትም አልሄድም!" አለ። ተከራክረን አቃተንና እሱንም ዓሣውንም ጫንን። ቀጥሎ ላንቴ ሄድን፤ አንድ ጎልማሳ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። እሱን ስናስገባ ስድስት ዘመድ ተከትሎ ገባ። ሰባተኛዋ ደግሞ ለሲስተር ምስጋና ብላ ሙዝ በዘለላው አመጣች። ሲስተር "ይህ አምቡላንስ ነው! አውቶቡስ አይደለም!" ስትል ሁሉም "እሺ፣ እሺ" ይላል፤ የሚወርድ ግን የለም።

ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሁሉንም ሆስፒታል አራግፈን፣ ምሳ እንኳ ሳንቀምስ፣ ስልክ ተደወለ። በገረሴ በኩል ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ እየወረደች ነው ተባለ። ገረሴ ሲባል ጋሽ ሻንካ ታወሱኝ። "ዘንቧል፤ መንገዱ ተቆርጧል" ብዬ ዋሸሁ።

ሲስተር ሂልዳ አየችኝ። "አንተ ሄደህ አየህ?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያ እንሂድ፣ እንይ። ቶሎ!"

ሄድን። መንገዱ ጭቃ ነው እንጂ አልተቆረጠም። ዳገቱን ወጥተን አንዱን ጥምዝ ስናልፍ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ብቅ አሉ። ከፊት የሚመሩት ማን ናቸው? ጋሽ ሻንካ! አሁን በየት ልዝለል? ወርጄ የኋላውን በር ስከፍት ቃሬዛው ደረሰ፤ የተኛችው ሴት ዘነበች ናት። እህቴ! ፊቷ አመድ መስሏል።

ጋሽ ሻንካ ጎንበስ አሉና ከመንገዱ ዳር እርጥብ ሳር ነጨት አድርገው በሁለት እጃቸው ፊቴ ያዙት። ተሸካሚዎቹም እንደቆሙ ቀሩ። ሲስተር ሂልዳ ግራ ገባት፤ "ሳር ለምን? ቶሎ! ቶሎ!" ትጮሃለች። እኔ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁና "ዘኑዬ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ" አልኳት።

እህቴ ምጧን ውጣ ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ጋሼ፣ ይቅር ካልኩህ ቆየሁ እኮ! ሁለት ዓመት ስጸልይልህ ነበር። አሁን ተነሥተህ ንዳ!"

ነዳሁ። ግን ሩቅ አልሄድኩም፤ ሲስተር ከኋላ ሆና መስታወቱን በጡጫ መታች። አቆምኩ። እዚያው መንገድ ላይ፣ ዓሣ ዓሣ በሚሸት አምቡላንስ ውስጥ ወለደች። ሴት ልጅ። ሕፃኗ ግን አላለቀሰችም። ሰማያዊ ሆናለች፤ አትንቀሳቀስም። ሲስተር ሂልዳ ጀርባዋን ታሻታለች፣ በትንሿ መተንፈሻ አየር ትሰጣለች፣ ደግሞ ታሻታለች። ያቺ ቶሎ ቶሎ የምትል ሴት ድምጿ ጠፋ። ያኔ ነው የፈራሁት።

ወገኖቼ፣ እኔ መጸለይ አላውቅም ነበር። በሩን ይዤ እያለቀስኩ "የዘነበች አምላክ ሆይ፣ እኔ አላውቅህም፤ እሷ ግን ታውቅሃለች። ኢየሱስ፣ በእኔ ክፋት ይህችን ልጅ አትውሰድባት። እኔን እንደፈለግህ አድርገኝ!" አልኩ። ከዚህ ሌላ ቃል አልነበረኝም።

ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። አስነጠሰች! ቀጥላ ደግሞ ያን ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ሃሌሉያ! ሲስተር ሂልዳ እየሳቀች ታለቅሳለች፤ እህቴ "ጌታ ሆይ፣ ተመስገን!" ትላለች፤ እኔ ጭቃ በጭቃ ሆኜ እዘላለሁ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ እህቴን መርምሮ "ደም እየፈሰሳት ነው፤ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ እናቲቱንም አናገኛትም ነበር" አለ። ጋሽ ሻንካን ሽሽቼ መንገድ ተቆርጧል ያልኩት ሰው ይህን ሰማሁ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ፤ ያጸለየችኝ እህቴ ናት፣ ከነግሉኮሷ ተኝታ!

ጌታ ምን ያህል ታጋሽ ነው፣ ወገኖቼ! ጫቱም ቀረ፣ ፌዙም ቀረ። ሲስተር ሂልዳ ወደ አገሯ ተመልሳለች፤ በሄደችበት ጌታ ይባርካት። ሕፃኗ ምሕረት ተብላለች። ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ደርሳለች፤ እዚያ ከፊት ተቀምጣ "አጎቴ፣ አታርዝም" እያለች በዓይኗ እየተቆጣችኝ ነው።

እንግዲህ ልጨርስ። ከመካከላችሁ ወንድሙን፣ እህቱን ያኮረፈ ካለ፣ የማላውቀው መስሎት አይቀመጥ፤ እኔ የዚህ በሽታ አሮጌ ታማሚ ነኝ። ጌታን እመኑት፤ እኛ የሮጥነውን ያህል እሱ ቀድሞን ይጠብቃል። ዛሬ ከጉባኤው ስንወጣ ሂዱና ታረቁ። "ሩቅ ነው፣ ደጋ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው" የሚል ካለ ደግሞ ሞተሬ በር ላይ ቆሟል፤ እኔ ራሴ አደርሰዋለሁ። ጌታ ይባርካችሁ!