ዝም ያለው ፀጉር አስተካካይ

የገጠር ጤና ነርስ ነኝ። ሥራዬ ሰው ክኒን ሲውጥ ቆሞ ማየት ነው ስል ይስቁብኛል። ይሳቁ! የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ካቆራረጡት በሽታው ይለምደውና አልበገርም ይላል። ስለዚህ በየማለዳው እየዞርኩ ዓይኔ እያየ አስውጣለሁ።

ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ፀጉር አስተካካዩ ነው። መድኃኒቱን እንደጀመረ ፊቱ መለስ፣ ሳሉም ጋብ ብሎለት ነበር። አሁን ግን ሚዛን ላይ በቆመ ቁጥር ቀንሶ አገኘዋለሁ፤ ሳሉም ተመልሷል። ስህተቱ የኔ ይሆን? ወይስ መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ? እዚያው ቤት ሚስቱና ጡት ያልጣለ ልጃቸው አሉ። እሱ ካልዳነ እነሱም አይተርፉም።

ዛሬ ስደርስ የአንዱን ደንበኛ ማጅራት እየላጨ በትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ራሰ በራ ይቀልዳል። አፉ አያርፍም፤ ደንበኛው ቢተኛበት እንኳ ወሬውን አያቋርጥም። ሰውዬው ከፍሎ ሲወጣ ክኒኑን ሰጠሁት፣ በውሃ አወራረደው። ከዚያ ጭጭ አለ። ስለ ልጁ ብጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። ስለ ገበያው ብጠይቀው ፈገግ ብሎ መቀሱን መወልወል ጀመረ። ይሄ ሰውዬ ዝም ማለት ያውቃል እንዴ?

«እስቲ አፍህን ክፈት» አልኩት።

ክኒኑ ምላሱ ሥር ነበር። ደሜ ፈላ፤ አፌ ላይ የመጣልኝን ሁሉ አወረድኩበት። አንገቱን ደፍቶ ጉዱን አወጣው። ሚስቱም ትስላለች ለካ። የምታበስለው ለትምህርት ቤቱ ልጆች ስለሆነ፣ በሽታው ከተገኘብኝ ያባርሩኛል ብላ አልመረመርም ብላዋለች። እሱ ደግሞ ተሽሎኛል ብሎ ክኒኑን እያደረቀ፣ ትርፍ ነው እያለ ለሷ ሲሰጣት ከርሟል።

ሚስቱን ከጓዳ ጠራኋት። ልጇን ታቅፋ ወጣች። ስንቱን እንደዋጠች ስጠይቃት ከመደርደሪያው ላይ አንድ የወተት ጣሳ አውርዳ ከፈተችው። ቀለማቸው የለቀቀ ክኒኖች ታጭቀውበታል።

«አንዱንም አልነካሁ፣ ሲስተር። ክኒን የጠፋ ቀን ምን ሊውጥ ነው ብዬ፣ ለሱ ነው ያስቀመጥኩት።»

ባልየው ጣሳውን እያየ ቁጭ አለ። እኔም ቁጣው ከየት ይምጣልኝ? ያን ሁሉ ጊዜ እዚህ ቤት መድኃኒት የዋጠ ሰው የለም። ልጁን ከእጇ ተቀበልኩና ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጠፍኩ።